ከቤተሰብ ይልቅ እድር

ጥያቄ

«ጅማ ውስጥ ቡና አበጥሮና ለቅሞ የሚያዘጋጅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። 70 ያህል ሠራተኞች አሉን፤ 50ዎቹ ለቃሚ ሴቶች ናቸው። እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው። ደመወዝ አናዘገይም፣ ለቅሶ እንደርሳለን። ሆኖም ከኅዳር ወዲህ 19 ሴቶች ለቀውብናል። ለምን ስንላቸው የሁሉም መልስ ‹የግል ጉዳይ› ነው። መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ አለችን፤ ሁሌ ለብቻዋ ነች። አንዲት ወላድ ደግሞ ከፈቃድ ተመልሳ በሁለተኛው ሳምንት ቀረች። ሆቴል ተከራይተን የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጠን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ባለቤቱ የሥራው ወቅት ሲዘጋ በሬ ጥለን እናቀራርባቸው ይላሉ። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት የሚሠራበት ቦታ እንዴት ነው የሚፈጠረው?»

መልስ

ከ19 ሰው 19ኙም «የግል ጉዳይ ነው» ካሉ ጉዳዩ የግል አይደለም። ተማክረው አይደለም እንዲህ ያሉት። እውነቱን መናገር ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ ነው። ነገ ሌላ መጋዘን ሥራ ሲጠይቁ ለእናንተ ካቦ ይደወላል። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም የቡና ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

«እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው» ያሉትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሰው ሀብት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ቤተሰብ ውስጥ የሚወደድ ልጅ አለ፣ የሚረሳም አለ። አባት ሲሳደብ «አባት አይደል፣ ይቻል» ይባላል። የቤቱን ገመና ውጭ ያወጣ ነውረኛ ነው። ከፍቶት የሚሄድ ልጅም ምክንያቱን አይናገርም፤ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ያው እንደ እናንተ 19 ሴቶች።

እድርን ደግሞ ይዩት። እድር ይወድዎታል አይወድዎትም የሚባል ነገር የለም። ሰው ሲሞትብዎት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ አለቀ። ባለ ፎቁም የቀን ሠራተኛውም መዋጮው እኩል ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ዳኛውም ቢቀር ይቀጣል። ደንቡ ተጽፎ ተፈርሞበታል። የተኳረፉት ጎረቤት እንኳ መጥቶ ለቅሶዎ ላይ ሳህን ያጥባል። እኔ ድርጅቶችን ስመክር ቤተሰብነቱን ተዉትና እድር ሁኑ ነው የምለው። መዋደድን ማዘዝ አይቻልም። ደንብ ማውጣት ግን ይቻላል።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልም። ሆቴሉ ጥሩ ነበር፣ ሻይ በብስኩት ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሳችሁ። ሰኞ ሲመለሱ ግን ካቦው ያው ካቦ፣ ወንበሩም ያው ወንበር ነው።

ስለዚህ ከወንበሩ እንጀምር።

አንድ ቀን ሙሉ መልቀሚያው አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ይበሉ። ቢሮ ሆነው አይታይዎትም። በሥራዬ ካየኋቸው መልቀሚያዎች አንዱን ልንገርዎ፤ ስሙ ይቅር። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮት በአንድ ወገን ብቻ። መስኮቱ ስር የተቀመጠችው ሴት ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰባበረውን ፍሬ በአንድ እይታ ትለያለች፤ እጇ አይቆምም። በሩ ጥግ ያለችው ግን ፍሬውን ወደ ዓይኗ እያስጠጋች ነው የምትሠራው። ሰማዩ ሲዳምንማ፣ የጅማን ሰማይ ያውቁታል፣ ከቀትር በኋላ እዚያ ጥግ ጨለማ ነው። ክፍያው በኪሎ ነው። መስኮት ማለት እንግዲህ ብር ማለት ነው።

ጆንያውም እንዲሁ። አንዱ ጆንያ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ጥቁር ፍሬና ጠጠር የበዛበት ነው። ማን የቱን እንደምታገኝ፣ ማን የት እንደምትቀመጥ የሚወስነው ካቦው ነው። የአገሩ ልጅ መስኮት ስር ናት። የሚስቱ ዘመድ መስኮት ስር ናት። ስልክ ቁጥሯን የሰጠችውም እንዲሁ። ያልሰጠችው በሩ ጥግ ትሆናለች፤ ቆሻሻው ጆንያም ይደርሳታል። በወሩ መጨረሻ ፔይሮሉ ላይ ስትታይ «ሰነፍ» ናት። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልመታትም። ትንሽ ቆይታ የግል ጉዳይ አለብኝ ብላ ትሄዳለች።

የዛሬ ሥራዎ ይህ ይሁን። ፔይሮሉን ያውጡ። 19ኙ ሴቶች በመጨረሻው ወር ስንት ኪሎ እንደለቀሙ ይጻፉ። ከጎኑ የት ይቀመጡ እንደነበር ይጻፉ። ይህን ካቦውን አይጠይቁት። አዳራሹን የሚጠርጉትን እናት ይጠይቁ፤ እሳቸው ያውቃሉ።

መፍትሔው ከሰፈር አይርቅም፤ እጣ ነው። እቁብ የጠጣ ሰው በእጣ አይከራከርም። ለወንበሮቹ ቁጥር ይስጡ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ባለበት እጣ ይውጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም በደረሰው ቁጥር ይቀመጥ። ለጆንያው ደግሞ ሁለት ዋጋ ያውጡ። ቡናው ሲገባ ናሙና ወስዳችሁ ጉድለቱን ትቆጥሩ የለ? ያንኑ ቁጥር ለክፍያውም ተጠቀሙበት፤ ጉድለት የበዛበት በኪሎ የተሻለ ይከፈልበት። ጥጉ ላይ ደግሞ መብራት ይግባ። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፤ ሁሌ የሚረሳውም እሱ ነው።

ካቦው ያኮርፋል። ያኩርፍ። ግን ጨርሰው አይጣሉት። እኔ የማውቃቸው ካቦዎች ጆንያ ተሸክመው ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ወንበር የመደልደሏ ሥልጣን ብቸኛ ማዕረጋቸው ናት። እሷን ሲወስዱበት ሌላ ይስጡት። ለምሳሌ ጉርሻው በወጣው ኪሎ ብቻ ሳይሆን ሳይለቁ በቆዩት ሠራተኞች ቁጥርም ይሰላለት። ሰው የሚያባርር ካቦ ያኔ የገዛ ኪሱ ይጎዳል።

መስማት የተሳናትን ልጅ «ሁሌ ለብቻዋ ነች» ብለዋል። ማን አስቀመጣት? መርጣ ከሆነ መብቷ ነው። የጠየቃት ሰው ያለ ግን አይመስለኝም። «ሲጠሯት አትመልስም» ትባልና ጥግ ትደረጋለች። እሷ የምትግባባው ፊትና እጅ አይታ ነው። እሷን ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ የሌላውን ሰው ጆሮ በጥጥ ከመድፈን አይለይም። የእረፍት ደወል ሲደወልም ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲሄድ አይታ ነው የምትነሳው። ቡናው ጋ ስትደርስ አቦሉ አልቆ ቶናው ተቀድቷል። በየቀኑ ቶና ላይ የሚደርስ ሰው የቤቱ ሰው ነኝ ብሎ ያስባል?

ደወሉ ሲደወል አብሮ የሚበራ አንድ አምፖል ያሰቅሉ። ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። አጠገቧ የሚቀመጡት ሃያ ሠላሳ ምልክት ከራሷ ይማሩ፤ የምታስተምርበት ሰዓት ይከፈላት። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል አዳራሹ ውስጥ ይቁም፣ ለቀልድም ቢሆን። እጣው ውስጥ ደግሞ አያስገቧት፤ ብርሃን ያለበት አንድ ቦታ የእሷ ይሁን። ሌሎቹ «አድልዎ ነው» ካሉ ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ይገባቸዋል። ሕጉም ከጎኗ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቦታውንና አሠራሩን ለሠራተኛው ማመቻቸትን የአሠሪው ኃላፊነት አድርጎታል። መድልዎ ደረሰብኝ ብላ ብትከስም፣ እንዳልደረሰባት ማስረዳት ያለበት ድርጅቱ ነው።

ወደ ወላዷ ስንመጣ ሒሳቡን እንሥራ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር አላት። ስትመለስ ልጁ ሦስት ወሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። መሃል ላይ ሦስት ወር አለ። ጡቷ ሞልቶ ልብሷን ሲያረጥበው ነጠላ ደርባ የምትለቅም ሴት አይቻለሁ። በኪሎ የሚከፈላት ሴት ሄዳ ካጠባች ገቢዋ ይቀንሳል፤ ካልሄደች ልጇ ያለቅሳል። የእናንተዋ ወላድ በሁለተኛው ሳምንት መቅረቷ አይገርምም። ሁለት ሳምንት መቆየቷ ነው የሚገርመው።

በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይስጧት፤ ያን ሰዓት በአማካይ ኪሎዋ ይክፈሏት። ልጁን የሚያመጣላት ሰው ካለ ዘበኛው በር ላይ አያጉላላው። መጋረጃ ያለው አንድ ጥግ፣ አንድ ፍራሽ፣ በቃ። ልጁን ግን አዳራሹ ውስጥ አታስገቡት፤ የቡና አቧራ ለትልቅ ሰውም አይበጅም። አሁኑኑ ደግሞ ይደውሉላት። ቀርታ የነበረች ለቃሚ ተደውሎላት ስትመለስ ወሬው ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሮጣል። አባትም በዚሁ አዋጅ ሦስት ቀን አለው፤ ጆንያ ተሸካሚዎቹ ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ።

እግረ መንገድዎን ሽንት ቤቱን ይዩ። ከውስጥ ይቆለፋል? ሞዴስ የሚጣልበት ክዳን ያለው ባልዲ አለ?

አሁን ያልጠየቁኝን ልጠይቅዎ። ቡና ሲፈላ የራሷን ሲኒ ከቦርሳዋ የምታወጣ ሴት አለች?

ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። የፕላስቲክ ኩባያ ነበር የምታወጣው። ጽዳት የምትወድ መስሎኝ በሆዴ አደነቅኳት። ወር አለፈ። አንድ ቀን ቡና የሚያፈሉት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሷ እኮ ከነዚያ ናት» አሉኝ። ከየትኞቹ? አካባቢውን የሚያውቅ ይገባዋል። በከፋ ማንጆ፣ በዳውሮ ማንጃ፣ በየም ፉጋ እየተባሉ የሚገለሉ ወገኖች አሉ። በአደን፣ በከሰል ወይም በሸክላ ሥራ ስማቸው ይነሳል። ከእነሱ ጋር አይበላም፣ አይጋቡም፣ የጠጡበት ዕቃ አይነካም ተብሎ ተኖሯል። ከዚያ ሸሽቶ ጅማ የሚመጣ ሰው አለ። እዚህም አንድ የአገሩ ሰው ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ሲኒው ይለያል። ማንም ሕግ አላወጣም፣ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። እሷም ቀድማ የራሷን ታመጣለች። ሰው ከሚገፋት ራሷ ብትለይ ይቀላታል።

ያኔ የሠራሁት ስህተት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስብሰባ ጠራሁ። ስለ እኩልነት ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ስም አልጠራሁም። ግን ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። በማግሥቱ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ዛሬ ቢሆን ስብሰባ አልጠራም። ሲኒ እገዛለሁ። አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ ከሠራተኛው ቁጥር አሥር የሚበልጥ። ከቤት ዕቃ ማምጣት ለንጽሕና ሲባል ለሁሉም ይቀራል። ሲኒው ሁሉ በአንድ ገንዳ ይታጠባል፣ በተራ፣ ካቦውንም ጨምሮ። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ሄደው ትሪው ላይ ከተረፉት አንዱን ሳይመርጡ አንስተው ይጠጡ። ምንም አይናገሩ። ሲኒ የሚገፋ ሰው ካዩ ለብቻው ጠርተው አንድ ጊዜ ይንገሩት። ሁለተኛ ከደገመው በደንቡ ይጠየቅ። የማንንም ዘር ለማንም መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

«ጅማ እኮ ሁሉን አቃፊ ከተማ ናት» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅም ከቅርብም ነጋዴ ይሰበስብ ነበር። በዚያው ገበያ ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። ብዙ ዓይነት ሰው አንድ ቦታ መገኘቱና ሁሉም እኩል መቀመጡ ለየቅል ነው።

ቋንቋ ላይ አጭር ልሁን። ስብሰባው በአማርኛ ብቻ ከሆነ ኦሮምኛ ብቻ የሚችሉት ወለሉን እያዩ ይጨርሳሉ። በኦሮምኛ ብቻ ከሆነም ሌሎቹ እንዲሁ። በሁለቱም ይሁን። አስተርጓሚው አሥር ደቂቃ የተናገሩትን «ጠንክራችሁ ሥሩ ነው የሚሉት» ብሎ እንዳይቋጨው ይጠንቀቁ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። የዳውሮ ወይም የከፋ ቋንቋ የሚናገሩ ካሉ ከጎናቸው ሆኖ የሚያስረዳ አንድ ሰው ይመደብላቸው፣ በተለይ ነገሩ የክፍያ ሲሆን። ስለ ዓርብም ላንሳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያርፋሉ። እናንተም እንዲያ ብታደርጉ ለጁምዓ የሚሄደው አይሳቀቅም፣ የማይሄደውም ጎኑን ያሳርፋል።

የቀረው አቤቱታ ነው። የአስተያየት ሳጥን ካለዎት ያውርዱት። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የእጅ ጽሑፍም ይታወቃል፤ መጻፍ የማትችለውስ? በምትኩ ለቃሚዎቹ ራሳቸው ሁለት ሴቶች ይምረጡ፣ ካቦው በሌለበት፣ በምስጢር። ለእያንዳንዷ ዕጩ አንድ ጣሳ ይቀመጥ፤ ድምፁ በባቄላ ይሰጥ። በቡና ካላችሁ ወለሉ ሁሉ ድምፅ ነው። የተመረጡት የአዳራሹ ዳኞች ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ከእርስዎ ጋር ብቻ ይቀመጣሉ። ያመጡት ነገር በደብተር ይጻፋል፤ በሳምንት ውስጥ መልስ ያገኛል። «አይቻልም» ማለትም መልስ ነው፣ ምክንያቱ ከተነገረ።

ስለ ስልክ ቁጥሩ ያልኩትን ደግሞ አይርሱት። አዋጅ 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል፤ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችልም ይናገራል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ «ይታረቁ» ብለው ሽማግሌ አይላኩ። ሽምግልና ለተጣሉ ሰዎች ነው፤ እሷ አልተጣላችም። መጀመሪያ ከዓይኑ ያርቋት። ስታርቋት ግን ከቦታው የሚነሳው እሱ ይሁን። ብዙ ቦታ ወደ ሌላ ክፍል የምትዛወረው የተበደለችዋ ናት፤ ገቢዋም አብሮ ይወርዳል። የቀሩት ሴቶች ያንን አይተው አፋቸውን ይዘጋሉ።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ደንብ ያድርጉት። እጣው፣ የጆንያው ዋጋ፣ ሲኒው፣ የማጥቢያው ሰዓት፣ አቤቱታው። ደንቡ ለእርስዎም እንደሚሠራ ይጻፍበት። በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የእድር ቅጣት አምሮዎት ከደመወዝ መቁረጥን እንዳያስገቡበት፤ ሕጉ እንዲያ በዘፈቀደ አይፈቅድም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቅሬታ ይበዛል። ባለቤቱም «ነገሩ እኮ ባሰበት» ይሉዎታል። ደብተሩን ያሳዩዋቸው። ቅሬታው ድሮም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን በበሩ ነበር የሚወጣው።

በሬውን ረስቼው አይደለም። ማን ይባርከዋል? ክርስቲያን ካረደው ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊም ካረደው ክርስቲያኑ አይበላም። ይህን ጅማ ውስጥ ልጅም ያውቀዋል። ግን ለማቀራረብ ተብሎ አንድ በሬ ታርዶ፣ ግማሹ ሰው ሽሮ ይዞ ግድግዳ ስር ሲቀመጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ማን ከየት እንደሆነ ልብ ያላለው ሁሉ ያን ቀን አወቀ። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለሰው አካፍዬ በፖስታ እሰጥ ነበር። ባለቤቱ ካልታረደ ካሉ የተመረጡትን ሁለት ሴቶች ያማክሩ። ከበሬው በጎች ይሻላሉ፤ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ፣ አራጁም ለየብቻ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። ጭልፋዎቹ እንዳይቀያየሩ የአንደኛው እጀታ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት። ቀኑም ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳይውል፣ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ውስጥም እንዳይገባ።